የእትዬ ሐረጉ ሐመሩ ሐ

ባለፈው ጥቅምት ከወልድያ ወደ መርሳ ስመለስ፣ ሲሪንቃ ላይ ረዳቱ ሰው ሊጭን የሚኒባሱን በር ሲከፍተው፣ ከምርምር ጣቢያው ማሳ በኩል የማሽላ ሽታ ገብቶ መኪናውን ሞላው። ሊደርስ የተቃረበ ማሽላ ሽታ ለማያውቀው ሰው ምንም አይደለም፤ እንደ ሞቀ ወተት፣ እንደ አቧራ፣ ፀሐይ እንደነካው እርጥብ ጆንያ ያለ ነገር ነው። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ቦርሳዬን ከጭኔ ወደ እግሬ ሥር፣ ከእግሬ ሥር መልሼ ወደ ጭኔ ሳመላልስ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ምነው የኔ ልጅ፣ ወራጅ ነሽ እንዴ?» አሉኝ። ወራጅ አልነበርኩም። ከጦርነቱ ወዲህ እንዲህ ነኝ፤ መኪና በቆመ ቁጥር፣ በር በተከፈተ ቁጥር፣ አንድ ሰው አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ባየ ቁጥር እጄ የሚይዘውን ያጣል። ያን ዕለት ግን በበሩ የገባው ሽታ ከጦርነቱ አሳልፎ፣ አርቆ፣ ሰባተኛ ክፍል ወንበር ላይ ወስዶ አስቀመጠኝ።

እንግሊዝኛ ያስተማሩን መምህር እንድሪስ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ በጋም ሆነ ክረምት አንድ ቡናማ ኮት የማይለያቸው፣ ጠመኔ ባይዙም ጣታቸውን አየር ላይ እያንቀሳቀሱ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ሽፋኑ ተገንጥሎ የጠፋ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበራቸው፤ ከመገለጥ ብዛት የገጾቹ ጠርዝ እንደ አሮጌ ነጠላ ለስልሷል። ዘወትር ሰኞ ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ ፈተና ላይ የማይመጣ፣ ገበያ የማይወጣ፣ ምናልባት ባለቤቶቹ እንግሊዞችም የረሱት አንድ ቃል መርጠው ሰሌዳ ላይ ይጽፉልናል። አንድ ጎበዝ ተማሪ እጁን አውጥቶ ይህ ቃል ምን እንደሚጠቅመን ቢጠይቃቸው፣ ትንሽ አሰቡና «ለምንም አይጠቅምም፤ ግን ካወቅኸው በኋላ ያንተ ነው» አሉት። እሱ ተቆጥቶ ተቀመጠ፤ እኔ ግን ለምንም የማይጠቅም ንብረት ይኖረኛል ብዬ በጣም ደስ አለኝ።

አንድ ሰኞ ታዲያ ከሲሪንቃ ሰው ያመጣላቸውን ትልቅ የማሽላ ራስ እንደ ሕፃን ክንዳቸው ላይ አስተኝተው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ረጅም ቃል ጻፉ። ሺቦሌት ይነበባል አሉን። ትርጉሙም ይኸው ጠረጴዛው ላይ የተኛው ነው፤ ዘለላ፣ የእህል ራስ። ቀጥለው ጣታቸውን አየር ላይ እያስኬዱ፣ ቃሉ የእንግሊዞች እንዳልሆነ፣ ከዕብራይስጥ እንደተዋሱት፣ ዕብራይስጥ ደግሞ የእኛ ዘመድ እንደሆነ ነገሩን። እሳቸው ልጅ ሆነው ቁርአን ሲቀሩ ‹ሱንቡላ› ይሉት የነበረውን፣ ከመካከላችን የቄስ ትምህርት ቤት የሄደው ‹ሰብል› የሚለውን፣ ጎን ለጎን ጻፉልን። «ሺቦሌት፣ ሱንቡላ፣ ሰብል። እዩዋቸው እስኪ፤ የአንድ እናት ልጆች አይመስሉም?» አሉ። እውነትም ይመስሉ ነበር። በአፍንጫቸው የሚመሳሰሉ ወንድማማቾች ነበሩ።

ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጡና የቃሉን ሁለተኛ ትርጉም አወጉን። በጥንት ዘመን ሁለት የሥጋ ዘመዳሞች ነገዶች ተዋጉ፤ የተሸነፉት ወደ ቤታቸው ለመመለስ ወንዝ መሻገር ነበረባቸው፤ ያሸነፉት ደግሞ ቀድመው መሻገሪያውን ያዙ። መልካቸው አንድ ነው፣ ልብሳቸው አንድ ነው፣ ቋንቋቸውም አንድ ነው፤ እንዴት ይለዩዋቸው? ለመሻገር የመጣውን ሁሉ ‹ሺቦሌት በል› ይሉት ጀመር። የተሸናፊዎቹ ምላስ ‹ሺ›ን አያወጣም፤ ‹ሲቦሌት› ይላሉ። በዚያች በአንዲት ፊደል እዚያው ወንዙ ዳር ታረዱ። «ስለዚህ ዛሬ እንግሊዞች ሺቦሌት ሲሉ እህል ማለታቸው አይደለም» አሉ መምህር እንድሪስ። «የእኛ የሚባለውን ሰው ከሌላው የሚለዩበት ምልክት ማለታቸው ነው።» ወዲያው የፊት ጥርሱ የተነቀለ አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር «ሲቦሌት!» ብሎ ጮኸና ሁላችንም በሳቅ ሞትን፤ መምህራችንም ጭምር።

እኔ ያን ቃል ይዤ የሮጥኩት ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ እትዬ ሐረጉ ሱቅ ነበር፤ ሱቁ ቤቴም ነበርና። እናቴ የሞተችው ገና የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ነው። አባቴ በመንገድ ሥራ ከአገር አገር ይዞር ስለነበር፣ ጎረቤታችን እትዬ ሐረጉ ‹እስኪመለስ› ብላ ወሰደችኝና እስከማድግ አልመለሰችኝም። ከማይጨው ነው የመጣችው። ባሏ የመርሳ ሰው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በዚያ መንገድ ሲመላለስ አይቷት ወደዳት፣ አምጥቶ አገባት፣ ሱቅ ከፈተላት፤ ልጅ ሳይወልዱ አንድ ክረምት መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እሷ ግን ወደ አገሯ አልተመለሰችም። «የቀበርኩት እዚህ ነው፤ ወዴት ልሂድ?» ትል ነበር።

በመርሳ እንደ እሷ የሚያወራ ሰው አላየሁም። ጨው የሚገዛ ሰው ጨውን ብቻ ይዞ አይወጣም፤ የላሙን ጤና፣ የልጁን ፈተና፣ የአማቱን ጠባይ ተጠይቆ፣ ተመክሮ፣ አንዳንዴም ተሰድቦ ነው የሚወጣው። አማርኛዋ ፈጣንና የተዋበ ነበር፤ ግን ከመካከሉ ትግርኛዋ ብቅ ይላል። ሁላችንም ለጌጥ የምንጽፈው፣ ስናነበው ከሌላው ሀ የማንለየው ሐመሩ ሐ በእሷ አፍ ሕይወት ነበረው። ከጉሮሮዋ ሥር ሞቆ፣ ሻክሮ ይወጣል። ሐሙስ ሐሙስ የሰፈር ልጆች ከረሜላ ሊገዙ ተሰልፈው «እትዬ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» ይሏታል፤ እያወቀች «ሐሙስ!» ትላቸዋለች፤ በሳቅ ይፈርሳሉ። ከሁሉም በላይ የምትስቀው ራሷ ነበረች። እኔን ግን አስተማረችኝ። የፋኖሱን ብርጭቆ ስታጸዳ ወደ አፏ ታስጠጋና በትንፋሿ ታደበዝዘዋለች፤ «ይኸው፣ ጓለይ፤ ሐ ማለት እሱ ነው። ብርጭቆው ካልደበዘዘ አላልሽውም» ትለኛለች። ጓለይ በእሷ ቋንቋ ልጄ ማለት ነው። ብዙ ብርጭቆ ካደበዘዝኩ በኋላ ወጣልኝ።

የሺቦሌትን ነገር ስነግራት የእህሉን ክፍል ወደደችው። «እኛም እኮ ሰዊት እንላለን» ብላ እሷም ከዝምድናው ገባች። የወንዙን ክፍል ግን ሳልጨርስ «ተይው ይሄንን፤ አስተማሪ ለልጅ እንዲህ ያለ ያወራል?» ብላ ስኳር ወደ መመዘኗ ተመለሰች። እኛ ልጆቹ ግን አልተውነውም። በመርሳ ወንዝ መሻገሪያ ድንጋዮች ላይ ለሳምንታት የተጫወትነው እሱን ነበር። ‹ሺ› ማለት የሚያቅተው ልጅ ስለጠፋ፣ ጠባቂዎቹ የእትዬ ሐረጉን ሐ የይለፍ ቃል አደረጉት። ያላለ ውኃ ውስጥ ይጣላል። መንደሩ በሙሉ እየራሰ ሲመለስ እኔ ብቻ ቀሚሴ ሳይነካ እሻገር ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበትን ሌላ ነገር አላስታውስም።

አደግሁ። ተማርኩና እኔም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ መርሳ ተመደብኩ። መምህር እንድሪስ ጡረታ ወጥተው ጧት ጧት ከመስጊድ ሲመለሱ በሱቁ በር ቆመው ከእትዬ ሐረጉ ጋር ይሟገታሉ፤ እሷ አርጅታ ጉልበቷ ቢደክምም አፏ አልደከመም። እንዲህ እያለን ነው ጦርነቱ ከሰሜን ወርዶ ወልድያ የደረሰው።

የከባድ መሣሪያው ድምፅ በሲሪንቃ በኩል መሰማት ሲጀምር እኔ ቁጭ ማለት ተውኩ። እቃ እሸክፋለሁ፣ እፈታለሁ፣ አስፋልቱ ዳር ወጥቼ ማን እንደመጣ ማን እንደሄደ አያለሁ፣ ተመልሼ የሸከፍኩትን እንደገና እፈታለሁ። ከመድፉ ይልቅ የሚያስፈራኝ በሱቁ አካባቢ የሚሰማው ለውጥ ነበር። ሰላምታው አጠረ። ድሮ በሳቅ የሚፈርሱበትን አነጋገር አሁን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሚያዳምጡት ሰዎች መጡ። አንድ ጎረቤታችን፣ ስሙን ባልጠራው ይሻላል፣ ከሱቁ ፊት ቆሞ እየሰማችው «እነሱ እኮ እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል» ብሎ ምራቁን ተፋ። እሷ ሚዛኑን ታጸዳ ነበር፤ ማጽዳቱን አላቋረጠችም።

ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ኬላዎች እንደቆሙ፣ ሰርጎ ገብ ይፈለጋል ተብሎ ሰው በአነጋገሩ እየተለየ ከመኪና እንደሚወርድ ሰማን። የወረዱት የት እንደደረሱ የሚናገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሱቁን በር ዘግቼ አስተምራት ጀመር። እኔ፣ የእንግሊዝኛ መምህሯ፣ ያሳደገችኝን ሴት ፊት ለፊቴ አስቀምጬ።

«‹ሃ› በይ እትዬ። እንደ ሳቅ። ከከንፈርሽ ብቻ።»

«ሐ።»

«አይደለም፤ ከጉሮሮሽ አታውጪው። ሃ።»

«እኔስ ምን አልኩ? ሐ!»

መጀመሪያ ሳቅን። ሁለተኛውም ቀን ትንሽ ሳቅን። ሦስተኛው ቀን ላይ ስሟን እንድትለው ጠየቅኋት። ሐረጉ። ሞከረች፤ ደግማ ሞከረች፤ ላቧ ግንባሯ ላይ ወጣ። ከዚያ እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ «ጓለይ፣ እናቴ ያወጣችልኝን ስም እንዴት ብዬ ነው የማሳስተው?» አለችኝ። ራሷ መለሰችው። «በቃ ዝም እላለሁ። ዝም ያለ ሰው ከየትም አይደለም።»

መርሳን የለቀቅነው ረፋድ ላይ ነው፤ ተጋፍተን በተሳፈርንበት አይሱዙ የተጫነው የሰፈራችን ሰው ነበር። መምህር እንድሪስ በቡናማ ኮታቸው ከኋላ ቆመዋል፤ ምራቁን የተፋው ጎረቤታችንም አለ። እትዬ ሐረጉ ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አላወራችም። ከመርሳ እስከ ኬላው ድረስ ያን ሁሉ መንገድ ዝም ስትል ሰው ሁሉ ይሰቀጥጠው ነበር፤ አንድ ነገር የተበላሸ ያህል።

ኬላው በገመድ የተዘጋ መንገድ ነው። ዱላ የያዙ ወጣቶች፣ መሣሪያ ያነገቱም ጥቂቶች አሉበት። ወደ እኛ የወጣው ልጅ ከተማሪዎቼ ብዙ የሚበልጥ አልነበረም፤ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። መታወቂያ ሰበሰበ። የእሷን ሲያይ ቆም አለ።

«ሐረጉ ማናት?» በእሱ አፍ ስሟ ለስልሶ ወጣ።

«እናቴ ናት» አልኩ። «አንደበቷ ተይዟል፤ መናገር አትችልም።»

«ከመቼ ወዲህ?»

ዝምታውን እንጂ የበሽታውን ዕድሜ አልተዘጋጀንበትም። «ከክረምት ወዲህ» አልኩ፤ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። የገዛ አፌን ፈራሁት፤ ያን ሁሉ ብርጭቆ ያደበዘዘ አፍ ሳላስበው ያን ድምፅ ያወጣብኝ ይሆን ብዬ እያንዳንዱን ቃል ከመናገሬ በፊት እቀምሰው ነበር።

«እማማ፣ ስምዎትን ብቻ ይንገሩኝ» አላት። «ሌላ አልፈልግም። ስሙን የማይናገር ሰው የለም።»

ነጠላዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች። ከንፈሯ ተከፈተ። ልትሞክረው ነበር። ምን ሊወጣ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከኋላ የመምህር እንድሪስ ድምፅ ቀደማት።

«ጎበዝ!» አሉ፤ እኛን ጸጥ ያሰኙን በነበረበት ድምፅ። «እኔ መምህር ነኝ። መርሳ ላይ ዕድሜዬን በሙሉ አስተምሬያለሁ። ይህቺ ሴት የመርሳ ሴት ናት። ወላሂ የመርሳ ሴት ናት።»

«እርስዎን አልጠየቅኩም አባባ።»

«ባትጠይቀኝም እመሰክራለሁ። ልጆቼ በታመሙ ጊዜ ስኳርና ሎሚ ይዛ ደጄ የምትቆም እሷ ናት። የምታወርዳት ከሆነ እኔንም አብረህ አውርደኝ።» አሉና ዱላቸውን እየተመረኮዙ በሰው መካከል አልፈው ከጎኗ ቆሙ።

አንዲት ሴት «የመርሳ ናት!» አለች። ሌላው ባሏን አብሮ እንደቀበረ ተናገረ። ከዚያ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ነገር አለ። እኔ ግን ዓይኔን ከዚያ ጎረቤታችን አፍ ላይ መንቀል አልቻልኩም። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። ልጁም የእኔን ዓይን ሲከተል እሱ ጋ ደረሰና «አንተስ?» አለው። ጎረቤታችን ጫማውን አየ። «የመርሳ ናት» አለ በመጨረሻ። «እሷ ጋ ጨው ያልገዛ የለም። ልቀቀን፣ ፀሐዩ ፈጀን።»

ልጁ መታወቂያዋን ሲመልስላት መሣሪያ ወዳነገቱት ዞር ብሎ በስርቆት አያቸው። መምህር እንድሪስ ያኔ ክፍል ውስጥ ያልነገሩን፣ መሻገሪያው ላይ የቆመውም ሰው እንደሚፈራ ነው። ገመዱ ወረደ፤ አለፍን። መምህር እንድሪስ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እስከ ደሴ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር።

ጦርነቱ ደሴንም ሲደርስባት እንደገና ሸሸን። ከቦታ ቦታ በተንከራተትንባቸው ወራት የመምህር እንድሪስ የስኳር በሽታ መድኃኒት አለቀ፤ የሚተካ ስንፈልግ እግራቸው አበጠ፣ ቆየና ራሳቸውን ሳቱ፤ በሰው አገር ተቀበሩ። እትዬ ሐረጉ በቀብሩ ቀን ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ዕንባዋ እየወረደ ድምፅ አላወጣችም። በማይጨውም ሆነ በመርሳ ለቅሶ ላይ እንደ እሷ ሙሾ አውራጅ አልነበረም፤ ያን ዕለት ግን አጠገባችን የማናውቃቸው ሰዎች ተቀምጠው ነበርና አፏን በነጠላዋ ይዛ ዋለች።

መርሳ ስንመለስ ሱቁ ባዶ ነበር፤ መደርደሪያው ሳይቀር ተነቅሏል። ማን እንደወሰደው ያየ የለም፤ የመጡትም የሄዱትም በዚያው መንገድ ነው ያለፉት። ሰፈሩ ተጋግዞ በሩን ጠገነላት፤ ያ ጎረቤታችን አዲስ መደርደሪያ ሠርቶ ራሱ ሰቀለው። ጨው፣ ሳሙና፣ ትንሽ ስኳር ገባበት። ሁላችንም የድሮው ኑሮ የተመለሰ መሰለን። እሷ ግን ከኋላው ተቀምጣ የሚጠየቀውን ታነሣለች፣ ትመዝናለች፣ መልሱን ትሰጣለች፤ አታወራም። ከእኔ ጋር በር ዘግተን ስንቀመጥ ጥቂት ቃላት ትናገራለች፤ የሰው እግር ድምፅ ሲሰማ ታቆማለች። ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር፤ ጉሮሮዋ ደህና ነው አሉን። «ተናገሪ እንጂ እትዬ፣ አልፏል እኮ» ብላት እጄን መታ መታ ታደርገኛለች፤ እኔን የምታባብል ይመስል።

ያን የጥቅምት ቀን ከሚኒባሱ ወርጄ ቤት ስደርስ፣ ከቆቦ ተፈናቅለው መጥተው ግቢያችን የተከራዩት ቤተሰብ ልጅ፣ ፎዚያ፣ በር ላይ ስኳር ይዛ አገኘኋት። ወሬኛ ልጅ ናት፤ የምጠይቃትን ከመጠየቄ በፊት ትመልስልኛለች። «ከዱዳዋ ሴትዮ ሱቅ ገዛሁ» አለችኝ።

እግሬ ዕረፍት አጥቶ ስለዋለ ይሁን ሌላ፣ ተቆጣሁ። ዱዳ አይደለችም አልኳት። በዚህ አገር እንደ እሷ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ ስታወራ ገበያተኛው ሰዓቱን ይረሳ ነበር፤ ልጆች ድምፅዋን ለመስማት ብቻ ይሰለፉ ነበር። ፎዚያ አንገቷን አዘንብላ አዳመጠችኝና አላመነችኝም። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እጇን ይዤ ወደ ሱቁ ወሰድኳት።

«እትዬ፣ ይህቺ ልጅ እኮ አንቺን መናገር አትችልም አለችኝ» አልኳት፣ እየሳቅሁ። «እስቲ አንድ ነገር በያት።»

እትዬ ሐረጉ ልጅቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። ዓይኗ ላይ ያ የድሮው ሳቅ ሲመጣ ያየሁ መሰለኝ። በዚያው ቅጽበት ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ሲጋራ ፈልገው በሩ ላይ ቆሙ። እሷ ዓይኗን ዝቅ አደረገች፤ ከብልቃጡ አንድ ከረሜላ አውጥታ ፎዚያ መዳፍ ላይ አኖረች፤ ጭንቅላቷን ዳሰሰችና ወደ ገዢዎቹ ዞረች።

ስንወጣ ፎዚያ ከረሜላውን ጉንጯ ውስጥ እያገላበጠች ቀና ብላ አየችኝ።

«አየሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ብዬሽ ነበር።»